መጥሪያ ይዞ ሥራ የቀረ ሰው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ደሴ ላይ ሁለት ልጆች ደብድበው ስልኬን ቀሙኝ። ተይዘዋል። ለምስክርነት ስጠራ የፈረቃ አለቃዬ «ከቀረሽ ደመወዝሽ ይቆረጣል፤ ከደጋገምሽው ትባረሪያለሽ» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መሄድ መብትሽም ግዴታሽም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዜግነት ግዴታውን ለሚወጣ ሠራተኛ ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ፍርድ ቤት የጠራው ሰው እንዴት ይቀራል! ፈቃዱ ግን ጉዳዩ ለሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ችሎቱ በጊዜ ካለቀ በሐረጎ ቁልቁል ወርደሽ ሥራሽ ላይ ተገኚ።

ዋናው ወረቀት ነው። ለአለቃ በቃል መንገር ብቻ አያዋጣም፤ ኋላ «አልሰማሁም» ይመጣል። የመጥሪያውን ኮፒ ከማመልከቻ ጋር ለአስተዳደር አስገቢ። አንቺ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊበት። ከችሎት ስትወጪም መገኘትሽን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቂ።

የስንብት ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው የሚያስባርረው ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን መቅረት፣ ያውም ስለ መቅረትሽ በጽሑፍ ተነግሮሽ ነው። በአዋጁ መሠረት የወሰድሽው ፈቃድ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

መስክረሽ ከጨረስሽ በኋላ ፍርዱን ለመስማት ብቻ ስትሄጂ ከዓመት ፈቃድሽ ጠይቂ። ይህ ያስቆጨኛል፤ የተደበደበ ሰው ፍርዱን በጆሮው መስማት ይገባዋል። ደመወዝሽን ከቆረጡ መጀመሪያ ለሠራተኛ ማኅበሩ አመልክቺ።