በክረምትም በበጋም ደጅ ስፖርት መሥራት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከሚሮጥ ቡድን ጋር ብዙ ዓመት ሮጫለሁ። ሰሞኑን ስለ ዝናብ፣ ስለ ብርድና ስለ ፀሐይ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ሁሉንም በአንዴ ላኩልኝ አልኩ። የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ ሩጫ ላቁም እንዴ?

መልስ፦ አታቁም፣ ሰዓትህን ብቻ ቀይር። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጣ። ያኔ ነግቷል፣ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ዝናቡ ራሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መንገድ ላይ ያቆረው ውሃ ነው። ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ውሃ ሲሞላ ከተራ ኩሬ አይለይም። ሥሩን ያላየኸውን ውሃ ዙረህ እለፈው እንጂ አትርገጠው።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ እያለን መብረቅ ቢጀምርስ? ባሕር ዛፍ ሥር እንጠለል?

መልስ፦ እባካችሁ ዛፍ ሥር እንዳትገቡ! አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሆነን ከእንጦጦ ስንወርድ ብልጭ አለ። አንድ፣ ሁለት ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ነጎደ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ መብረቁ ከእኛ የራቀው 2 ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ አገኘን። ሹፌሩ ጭቃችንን እያየ በሩን ከፈተልን፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እናንተም እንዲሁ ቁጠሩ። 30 ሳይሞላ ከነጎደ ሩጫው አበቃ። ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ አያድንም። ምንም ከሌለ ከከፍታው ውረዱ፣ ከረዥም ዛፍና ከሽቦ አጥር ራቁ፣ ተጠጋግታችሁም አትቁሙ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳትጠብቁ አትውጡ። ዝናቡ ስላባራ ብቻ መብረቁ አልፏል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ «ላብህ ሳይደርቅ ውጭ ከቆምክ ብርድ ይመታሃል» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ግን እናትህን ስማት! ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ቁር ነው፤ የራሰ ልብስ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። ቦርሳህ ውስጥ ደረቅ ቲሸርት ያዝ። እንደጨረስክ ቀይርና ከዚያ ከጓደኞችህ ጋር አውራ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 61 ዓመቴ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ፀሐይ ላይ ብሄድ ምን አለበት?

መልስ፦ እናቴ፣ የእግር ጉዞ ይጠቅምዎታል። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ግን ውሃ ከሰውነት ያስወጣል፤ ስለ ውሃ አጠጣጥዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢሄዱ ጥሩ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል። ከተማችን ግን 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰፋ ያለ ባርኔጣ አይለይዎት። ካዞረዎት ወይም ደረትዎን ከጨነቀዎት ወዲያው ቁጭ ይበሉ፤ ብቻዎንም አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ከዋሽንግተን እመጣለሁ። እዚህ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ እሮጣለሁ።

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ! ያ ሰዓት ግን እዚያው ይቆይ። አንተ ያለህበት ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደክምሃል። ከቻልክ ከሳምንት በላይ ቀደም ብለህ ግባ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት በእግርህ ሂድ፣ ውሃ ጠጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እረፍ። ያለ ምንም ሥራ ትንፋሽ ካጠረህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከሥራ በፊት 11 ሰዓት ላይ ነው የምሮጠው፤ ጨለማ ነው።

መልስ፦ ብቻሽን አትውጪ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበሺ። መኪናው ከፊት ለፊትሽ እንዲመጣ በግራ በኩል ሩጪ፤ ከኋላ የሚመጣን አታዪውም። ማዳመጫውን ከጆሮሽ አውጪ። ጫካ ዳር ጅብም ውሻም ስላለ እስኪነጋ ዋናውን መንገድ አትልቀቂ።

ጥያቄ፦ የራሰ ጫማዬን ምድጃ አጠገብ ላድርቀው?

መልስ፦ ተው፣ ማጣበቂያው ይለቃል። መርገጫውን አውጣና ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። ማታ አንዴ ጋዜጣውን ቀይርለት።