የንግግር ሕክምናው ከልጁ ጋር ይሄዳል ወይ?

እህቴ፣ በቨርጂኒያ የሚማረውን ልጅዎን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥተው በሰፈርዎ ወዳለው የግል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ቢያዛውሩት፣ የሚያገኘው የንግግር ሕክምና ይቀጥል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከክፍያውም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የፌዴራል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ አይኢፒ የተባለውን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ መብቱ ሲያደርግለት፣ ወላጆቹ በፈቃዳቸው ወደ ግል ትምህርት ቤት ያስገቡትን ልጅ ግን ይህ መብት አይከተለውም። የግል ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት የትምህርት ወረዳ ልጁን በነጻ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ለግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚመደበው ገንዘብ የተወሰነ በመሆኑ፣ የሕክምናው ሰዓት ሊቀንስ ወይም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የወረዳውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ኦርቶዶክስ መሆንዎንም ስለ ጠቀሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የወንጌላውያን ናቸው፣ አንዳንዶቹም ወላጅን የእምነት መግለጫ ያስፈርማሉ። ስለ ጥምቀትና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚለውን በጥንቃቄ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ። የክፍያ ቅናሽ ካላቸው ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን ቀደም ብለው ይጠይቁ።