ከኮምቦልቻ ያነሰች ከተማ በኤንቢኤ ስትጫወት

የአንባቢያን የስፖርት ጥያቄና መልስ

መልሶቹን የሚሰጡት ደሴ ውስጥ ለረጅም ዘመን የስፖርት መምህርት የነበሩትና ዛሬም ልጆችን ቅርጫት ኳስ የሚያሠለጥኑት የአምዳችን አዘጋጅ ናቸው። ከእኛ አገር ጉዳይ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እንደምን ሰንብተዋል? ኮምቦልቻ ውስጥ የሞተር መካኒክ ነኝ። በእኛው በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ኢንዲያና ፔሰርስ በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሲሸነፍ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አይቼ በጣም አዝኛለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን “ኢንዲያና የበቆሎ አገር ነው፤ እንደ ዲትሮይት ፒስተንስ ያለ ቡድን ከየት ያመጣል?” እያለ ያበሽቀኛል። የኢንዲያና የክለብ ታሪክ በእርግጥ ይህን ያህል ድሃ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ባልደረባህ ለመከራከሪያ ያመጣው ቡድን ራሱ የኢንዲያና ተወላጅ ነው። ፒስተንስ በ1941 የተመሠረተው ዲትሮይት ሳይሆን ኢንዲያና ውስጥ ፎርት ዌይን በምትባል ከተማ ነው። ፍሬድ ዞልነር የሚባል ባለፋብሪካ እዚያ ፒስተን ያመርት ነበር፤ አንተ ከሲሊንደር እያወጣህ ፋሻውን የምትቀይርለትን ያንኑ ፒስተን። ቡድኑንም በፋብሪካው ስም ዞልነር ፒስተንስ አለው። ወደ ዲትሮይት የተዛወረው በ1957 ነው፤ ስሙ ለመኪና ከተማ ልክክ ስላለ እንዳለ ቀጠለ።

እኛም መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ እያልን ያደግን ስለሆንን የመሥሪያ ቤት ክለብ አይገርመንም። የዞልነር ቡድን ግን በ1944 እና በ1945 የብሔራዊ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ፤ ቆይቶም ባለቤቱ ለተጫዋቾቹ የራሳቸውን አውሮፕላን እስከ መግዛት ደረሰ። ያ ሊግ በ1937 የተጀመረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቡድኖቹ ከመካከለኛው ምዕራብ ከተሞች የተውጣጡ፣ በፋብሪካ ወይም በነጋዴ ኪስ የሚተዳደሩ ነበሩ። የኢንዲያናፖሊሱን ቡድን ያቋቋመው ፍራንክ ካውትስኪ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። በ1946 ደግሞ የትልልቅ ከተሞች አዳራሽ ባለቤቶች ሌላ ሊግ አቋቋሙ። ሁለቱ ሊጎች ተጫዋችና ቡድን ሲሻሙ ቆይተው በ1949 ተዋሐዱ፤ ኤንቢኤ የሚለው ስም የወጣውም ያን ጊዜ ነው። በዚያ የመጀመሪያ የውድድር ዘመን 17 ቡድኖች ተሰለፉ። ከመካከላቸው ሦስት ሦስት ቡድን የነበራቸው ግዛቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ኒውዮርክ ነው፣ ሌላው የበቆሎ አገር የተባለው ኢንዲያና። ይህን ለባልደረባህ ንገርልኝ።

ከሦስቱ እኔ የምሳሳለት ለአንደርሰን ነው። አንደርሰን በ1950 ቆጠራ ወደ 47 ሺህ ሕዝብ ነበራት። የአንተ ኮምቦልቻ በእኛው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ፣ ዙሪያዋን ሳይጨምር፣ ከ58 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። እንግዲህ ከኮምቦልቻ ያነሰች ከተማ ከኒውዮርክና ከቦስተን ጋር በአንድ ሊግ ስትጫወት አስባት! ደፊ የሚባሉ ወንድማማቾች በሥጋ ማሸጊያ ድርጅታቸው ገንዘብ ያቋቋሙት ቡድን ፓከርስ ይባል ነበር። በ1949 የብሔራዊ ሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ አነሣ። በቀጣዩ ዓመት በኤንቢኤ 37 ጊዜ አሸንፎ 27 ጊዜ ተሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉም የገዛ ጎረቤቱን ኢንዲያናፖሊስን ጥሎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ሊጉን ለቀቀ። ሺቦይገንና ዋተርሉ የሚባሉ ሌሎች ትንንሽ ከተሞችም በዚያው ዓመት ወጡ። አሸንፎ የሚወጣ ቡድን ከማየት የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር በስፖርት ውስጥ አላውቅም።

የኢንዲያናፖሊሱ ደግሞ ኦሊምፒያንስ ይባል ነበር። አሌክስ ግሮዛ፣ ራልፍ ቢርድና ሌሎች የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻቸው በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ካገኙ በኋላ በአንድነት የገቡበት ክለብ ነው፤ በባለቤትነቱም ድርሻ ነበራቸው። ተጫዋች የክለቡ ባለድርሻ መሆኑ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በ1951 ግሮዛና ቢርድ ተማሪ ሳሉ ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የነጥብ ልዩነት ማስተካከላቸው ተደረሰበትና ዕድሜ ልክ ታገዱ። ክለቡም በ1953 ፈረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ፒስተንስ ወደ ዲትሮይት ሲሄድ፣ ኢንዲያና በትልቁ ሊግ አንድም ቡድን ሳይኖራት ቀረች።

አሁን ወደምትወደው ቡድን ደረስን። ፔሰርስ በ1967 የተቋቋመው በኤንቢኤ ሳይሆን ተቀናቃኝ ሆኖ በተነሣው በኤቢኤ ሊግ ነው። መጀመሪያ ያስፈረመው ተጫዋች ሮጀር ብራውን ነበር። ይህን ልጅ ኤንቢኤ አግዶት ነበር፤ ጥፋቱም ወጣት ሳለ ከአንድ ቁማርተኛ ጋር መተዋወቁ ብቻ ነው። ጨዋታ ሸጧል ተብሎ አልተከሰሰም፣ አልተፈረደበትም። ምርጥ የጉልምስና ዓመታቱን ኦሃዮ ውስጥ ፋብሪካ ሲሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱም በሠራተኞች ውድድር ሲጫወት አሳለፈ። እንዲህ ያለ ግፍ ሳነብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በ1970 የኤቢኤ ፍጻሜ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ጨዋታዎች 53፣ 39 እና 45 ነጥብ አስቆጥሮ ለፔሰርስ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። ቡድኑ በ1972 እና በ1973 ደገመው፤ ሦስቱም የመጡት በአሰልጣኝ ቦብ ሌናርድ ጊዜ ነው። ብራውን ወደ ታላላቆች መዝገብ የገባው በ2013 ሲሆን፣ ከሞተ 16 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ1976 ኤቢኤ ሲፈርስ ፔሰርስን ጨምሮ አራት ክለቦች ወደ ኤንቢኤ ገቡ። በነጻ ግን አልነበረም። እያንዳንዳቸው 3.2 ሚሊዮን ዶላር የመግቢያ ከፈሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከቴሌቪዥን ገቢው እንዳይካፈሉ ተደረገ። ፔሰርስ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊዘጋ ተቃረበ። የአሰልጣኙ ባለቤት ናንሲ ሌናርድ በክለቡ አስተዳደር ውስጥ ትሠራ ነበርና፣ በጁላይ 1977 በቴሌቪዥን ቴሌቶን ተዘጋጀ። ለከርሞው 8 ሺህ የሙሉ ውድድር ዘመን ትኬት ካልተሸጠ ክለቡ ያበቃለታል ተብሎ ለሕዝብ ተነገረ። ሌሊቱን አንግቶ ከ16 ሰዓት በላይ የቆየው ቴሌቶን ሲጠናቀቅ 8,028 ትኬት ተሽጦ ነበር። በ28 ትኬት ተርፎ የቀረ ክለብ ነው እንግዲህ አንተ ሌሊት የተቀመጥክለት። እኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ የማስቀድመው ያንን ሌሊት ነው። ፋብሪካ ያቋቋመው ፎርት ዌይንን ለቀቀ፣ የሥጋ ድርጅት ያቆመው ከሊጉ ወጣ፣ ተጫዋቾቹ የያዙት ፈረሰ፤ ሕዝብ ትኬት ገዝቶ ያተረፈው ግን ይኸው ዛሬም እዚያው አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳታውቀው አትቀርም። ሬጂ ሚለር በ1987 መጣ፣ እስኪያቆምም ድረስ ሌላ ማሊያ አልለበሰም። ሜይ 7 ቀን 1995 በኒውዮርክ አዳራሽ፣ ጨዋታው ሊያልቅ 18.7 ሰከንድ ሲቀረው ኒውዮርክ 105 ለ 99 ይመራ ነበር። ሚለር ከሩቅ ሦስት ነጥብ አገባ፤ ኒውዮርኮች ኳሷን ሲያስገቡ ነጠቀና ወደ መስመሩ ተመልሶ ሌላ ሦስት ጨመረ፤ በመጨረሻም ሁለት የቅጣት ውርወራ። በ8.9 ሰከንድ ስምንት ነጥብ፤ ውጤቱ 107 ለ 105 ሆነ። በ2000 በአሰልጣኝ ላሪ በርድ ለፍጻሜ ደርሰው በሎስ አንጀለስ 4 ለ 2 ተሸነፉ። የ2025ቱን አንተው አይተኸዋል። ታይሪስ ሃሊበርተን የመጀመሪያውን ጨዋታ 0.3 ሰከንድ ሲቀር ባገባት ኳስ አሸነፈ፤ በሰባተኛው ግን ገና በመጀመሪያው ሩብ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ፣ ኦክላሆማ ሲቲም 103 ለ 91 ረታ። ማዘንህ ተገቢ ነው፤ እኔም አዝኛለሁ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ አንድ ወጣት “19 ለ 18 ያለቀ የኤንቢኤ ጨዋታ አለ” ብሎኛል። በዛሬው ጨዋታ ይህ የአንድ ሩብ ነጥብ እንኳ አይሞላም። እውነት ነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እውነት ነው ጋሼ። ወጣቱ አልዋሸዎትም፤ ያሸነፈውም ከላይ የጠቀስኩት ፎርት ዌይን ፒስተንስ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 22፣ 1950፣ ተጋጣሚው ሚኒያፖሊስ ሌከርስ። ሌከርሶች ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 የሆነውን ጆርጅ ማይካንን ይዘው ነበርና ፊት ለፊት መጋፈጥ አልተቻለም። የፎርት ዌይን አሰልጣኝ ኳሷን ይዛችሁ ቁሙ ብሎ አዘዘ። በዚያን ጊዜ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ማይካን ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱን ብቻውን አስቆጠረ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ግን ላሪ ፎውስት አግብቶ 19 ለ 18 ሆነ። በኤንቢኤ ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነጥብ የተመዘገበበት ጨዋታ የለም።

ተመልካች ተሰላቸ። በ1954 የሲራኪዩዝ ክለብ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ መላ አመጣ። ደስ የሚል ጨዋታ ሲሆን ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ወደ 120 ጊዜ ይወረውራሉ አለ፤ 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24 ይመጣል። ይኸው እስከ ዛሬ የምንጫወትበት 24 ሰከንድ ነው። ደሴ ውስጥ በማሠለጥንበት ሜዳ የሰከንድ መቁጠሪያ መሣሪያ ስለሌለን፣ ተጠባባቂዎቹ ከመስመሩ ዳር ሆነው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። 15 ሲሉ ኳስ የያዘችው ልጅ ቀና ብላ ጓደኞቿን መፈለግ ትጀምራለች፤ 20 ሲሉ ትወረውራለች። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ይህ ሕግ በሥራ ላይ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ለፍጻሜ የደረሱት ማን ናቸው ቢሉ፣ የቢያሶኒ ሲራኪዩዝና የፎርት ዌይን ፒስተንስ ናቸው። ፎርት ዌይኖች የሜዳቸውን ጨዋታዎች በገዛ ከተማቸው መጫወት አልቻሉም፤ አዳራሹ አስቀድሞ ለቦውሊንግ ውድድር ተይዞ ስለነበር ኢንዲያናፖሊስ ሄዱ። ሜዳችን ለባዛር ተከራይቶ ልጆቼን ይዤ የተመለስኩበትን ቀን ስለማልረሳው፣ ይህን ሳነብ ከልቤ ነው የተሰማኝ። በሰባተኛው ጨዋታ መጨረሻ ጆርጅ ኪንግ ለሲራኪዩዝ አንድ የቅጣት ውርወራ አገባ፣ ወዲያውም የፎርት ዌይንን የመጨረሻ ኳስ ነጠቀ። 92 ለ 91።

ጥያቄ፦ እትዬ መምህርት፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። ወንድሞቼ ኢንዲያና የወንዶች ብቻ ነው ይላሉ። የሴቶች ቡድን የለም? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አለ እንጂ የኔ ልጅ! ስሙ ኢንዲያና ፊቨር ይባላል፤ መጫወት የጀመረው በ2000 ነው፤ ከፔሰርስ ጋር አንድ አዳራሽ ይጋራል። ለወንድሞችሽ አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፦ ፔሰርስ እስከ ዛሬ የኤንቢኤ ዋንጫ አላገኘም፤ ሴቶቹ ግን በ2012 ሚኔሶታን 3 ለ 1 አሸንፈው የሊጋቸውን ዋንጫ ወስደዋል።

የዚያ ፍጻሜ ኮከብ ታሚካ ካቺንግስ ነበረች። ከልደቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ያለባት ልጅ ናት። ከ2002 እስከ 2016 ለፊቨር ብቻ ተጫወተች፤ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። እኔ ግን እንድታውቂላት የምፈልገው ሌላውን ነው፤ አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብላለች። ልጆች ሁሉ መወርወር ይወዳሉ፤ ዝቅ ብሎ፣ እግርን እያንቀሳቀሱ መከላከል የሚወድ ጥቂት ነው። ቁመት ባይኖርሽም መከላከል ትችያለሽ፤ የሚጠይቀው ጭንና ፈቃድ ብቻ ነው። በ2024 የመጣችውን ኬትሊን ክላርክንም ተመልከቺ፤ ከሩቅ የምትወረውረው ብዙ ሰው ያወራለታል፣ አንቺ ግን ኳስ ስታቀብል ዓይኗን የት እንደምታደርግ አስተውዪ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ጨዋታቸው በእኛ ሰዓት ስንት ላይ ይውላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለእርስዎ ሥራ የተመቸ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ምሽት አንድ ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ፣ በእነርሱ ክረምት ማለትም ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ከማርች በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። የፊቨር ጨዋታዎች በበጋቸው ስለሆኑ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት የሚጀምሩት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ናቸው፤ እነዚህን ተረኛ ባይሆኑም ከቤተሰብ ጋር ሆነው ማየት ይችላሉ።