«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ሕገ መንግሥት ስትከራከሩ እሰማለሁ። መግቢያውን በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፤ የምትጣሉበትን አንቀጽ ቁጥሩን እየጠራችሁ ትፋጠጣላችሁ። ዕድሜዬን ሕግ በማርቀቅ የጨረስኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰነዱን ስታነቡ አስቀድማችሁ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ፈልጉ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን 55 አንቀጾች ነበሩት። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት ለጊዜው መኳንንቱና የአጥቢያ ሹሞች እንዲመርጡ ደነገገ። መብቃቱን ማን ይመሰክራል? መቼ? አልተጻፈም። ሕዝቡ እንደራሴውን መርጦ የላከው ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አምስቱን የወረራ ዓመታት ቀንሱለት፤ «ለጊዜው» 21 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ በአንድ ደንብ ውስጥ «መመሪያ እስኪወጣ ድረስ» ብዬ ጽፌ፣ ጡረታ ስወጣ መመሪያው አልወጣም ነበር። ቀን ማስቀመጥ ጠብ ያስነሳል፤ «እስኪ» ግን ሁሉንም አስማምታ ወደ ቤት ትሰዳለች።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ጠብ አልሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት ጊዜያዊ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ ሊጣሱ የማይችሉ 34 መርሆችን አስቀመጠና የተመረጠው ጉባኤ ዋናውን በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቅ አዘዘ። እኔን የሚገርመኝ ግን ባይስማሙስ ብሎ ማሰቡ ነው። መጀመሪያ ባለሙያዎች ያስታርቋቸው፤ ካልሆነ ረቂቁ ለሕዝበ ውሳኔ ይቅረብ፤ እዚያም 60 በመቶ ካላገኘ ምክር ቤቱ ይፈርስና አዲስ ምርጫ ይደረግ። ወንበሩን ሊያጣ እንደሚችል የሚያውቅ ተደራዳሪ ሌሊቱንም አይተኛ! ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1996፣ አጸደቁት። ያም አልበቃም፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ረቂቁን ከ34ቱ መርሆች ጋር አመሳክሮ በመስከረም መለሰባቸው። አርመው አመጡ፤ በታኅሣሥ ተቀበላቸው፤ ማንዴላም የአፓርታይድ ፖሊስ ጥቁር ሰልፈኞችን በጨፈጨፈበት በሻርፕቪል ፈረሙበት።

ቀን መቁረጥ ሁልጊዜ ይሠራል እንዳትሉኝ። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ ባዋሉት ሕገ መንግሥት፣ ለተገፉት ወገኖች በምክር ቤት የተለየ ወንበር የሰጡት ለ10 ዓመት ነበር። እየተራዘመ እስከ 2030 ደርሷል። ልዩነቱ፣ እነርሱ ሊያራዝሙት በፈለጉ ቁጥር በፓርላማ ተነሥተው ምክንያታቸውን መናገርና እጅ ማውጣት አለባቸው። የእኛው «ለጊዜው» ማንንም ሳይጠይቅ ነው የኖረው።

ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 የጻፉትን አገራቸው እስክትዋሐድ ነው ብለው «መሠረታዊ ሕግ» አሉት እንጂ ሕገ መንግሥት ለማለት እንኳ አልደፈሩም። አገሪቱ ተዋሕዳም በእርሱ ትኖራለች፤ ደግሞም ደኅና ትኖራለች። ጊዜያዊ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ የምጠላው አንባቢውን የሚያታልለውን ነው።

እንግዲህ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ እጃችሁን አውጡና «እስከ መቼ? ቀኑ ቢያልፍስ?» በሉ። እኔ አንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ብጠይቅ፣ ሰብሳቢው «ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» አሉኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር።