ዳታ የለም ብለሽ ቶፒክ አትቀይሪ

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ቴሲሴ የገጠር ወንጀል ላይ ነው። ከወረዳ ፖሊስ ያገኘሁት ፋይል ግን በጣም ትንሽ ነው፣ አማካሪዬ ደግሞ ቶፒክ ቀይሪ እያለኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ኧረ እህቴ እንዳትቀይሪ! ፋይሉ ማነሱ ራሱ እኮ ግኝት ነው። ገጠር ላይ በሬ ሲሰረቅ ወይ ድንበር ሲገፋ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ጋ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ቢከስ ደግሞ ምስክር የሚሆነው ነገ አብሮት ደቦ የሚወጣው ጎረቤቱ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ እዛው ያልቃል ወረዳ አይደርስም። ድሮ እንደውም አፈርሳታ ነበር፣ አውጫጭኝም ይሉታል፣ ሌባው እስኪታወቅ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውላል።

ጠለፋን ግን ለብቻው እዪው፣ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር፣ ከ1997 ጀምሮ የሚሰራው የወንጀል ህግ አንቀጽ 587 ግን ቢያገባትም ከመጠየቅ አይድንም ይላል። ሽማግሌ ገብቶ ቤተሰብ ከታረቀ ግን ፋይል ከየት ይመጣል፣ ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?

ስለዚህ ሴቶቹን ለብቻቸው አናግሪ፣ የቀበሌ ሰው አጠገባችሁ እንዳይቀመጥ። ስም አትጻፊ፣ የመንደሩንም ስም ቀይሪው፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ካሉ የአንቺ ወረቀት ሰው ሊያስገድል ይችላል። ለድሮው ሽምግልና ደግሞ እዛው ግቢሽ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ግቢ፣ ከዛ ነው ወደ ወረዳ መመለስ ያለብሽ።