ያለቀው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከአንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዲናሞው ከተጠገነ ወዲህ የባትሪው ራስ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል፣ ውሃውም በሁለት ሳምንት ያልቃል። ጠጋኙ «አሲዱ አልቋል» ብሎ ሁለቴ አሲድ ጨምሮበታል። ሹፌሩ የአሲድ ብርታት በሚያሳየው በፒኤች ወረቀት ቢለካው 1 አለው።

ወንድሜ፣ እኔ የጠረጠርኩት ዲናሞህን ነው። ርካሽ ሬጉላቶር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ገጥመውልህ ባትሪውን ከልክ በላይ እየሞላው ይመስለኛል። ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጅ ረገጥ አድርግና ባትሪው ላይ በቴስተር ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ደህና ነው። 15 ካለፈ ሬጉላቶሩን ቀይር፤ የሚያምር ካርቶን አይተህ ብቻ ግን አትግዛ። ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚጨመረው የባትሪ ውሃ፣ ማለትም አሲድ የሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ የጨመረልህ ሰው ወጥ ጨው ሲበዛበት ጨው የሚደግም ዓይነት ነው።

ስለ ወረቀቱ ልንገርህ፤ ይህን ወሬ እወዳለሁ። 7 መሃል ነው። ከዚያ በታች አሲድ፣ በላይ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ። ቡና 5 ገደማ፣ ሎሚ 2 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት እንዳይመስልህ! አንድ ቁጥር በወረድህ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይበረታል። ሎሚ ቡናን አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጠዋል ማለት ነው። የባትሪ አሲድ ደግሞ ከ1ም በታች ነው፤ ሞላም ደከመም ወረቀቱ ያው 1 ይልሃል። ኩንታል ጤፍ በበርበሬ ሚዛን እንደመመዘን ነው። ባትሪው ሲሞላ የአሲዱን ውፍረት በሚለካው በሃይድሮሜትር አስለካ፤ 1.26 እስከ 1.28 መሆን አለበት። ከ1.30 ካለፈ አሲድ በዝቶበታል፣ ባለሙያ ያስተካክለው።

ለጽዳቱ መነጽር አድርግ። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍታ። ክዳኖቹ በደንብ መዘጋታቸውን እይ። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠህ ዱቄቱ ላይ አፍስስ። ይኩረፈረፋል፤ ኩርፍርፉ ሲቆም በውሃ እጠበው፣ አድርቀህ ግራሶ ቀባው። ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም፣ ውስጡ ራሱ አሲድ አለው። በረኪናም ቤዝ ነው ብለህ እንዳትሞክር፣ ከአሲድ ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መነጽሩን አደራ! እኔ አንዴ ያለ መነጽር ጎንበስ ብዬ ክዳን ስከፍት ጠብታ ቅንድቤ ላይ አረፈች። አንድ ጣት ዝቅ ብትል ዓይኔ ነበረች።

ሬጉላቶሩ ተቀይሮም ውሃው ቶሎ ካለቀ፣ ባትሪውን ይዘህ ኮምቦልቻ ውረድ፣ ባለሙያ ይየው። ቁልቁለቱ ላይ እንዳይጋደም ቀጥ አድርገህ እሰረው።