ክሬም ወይስ ጥቁር አረንጓዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሳሎናችን 3 በ4 ገደማ ነው፣ መስኮቱ አንድ ብቻ፣ እሱም ወደ ሰሜን የዞረ። እኔ ክሬም ይቀባ እላለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ስልኩ ላይ ያየው ጥቁር አረንጓዴ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ቀቢው ቅዳሜ ይመጣል። ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ቀቢውን ደውለሽ ለሚቀጥለው ቅዳሜ በይው። ባልሽን ደግሞ አትቆጪው፣ ቀለሙ እውነትም ያምራል፣ ግን ስልክ ላይ የምናያቸው ቤቶች መስኮታቸው ግድግዳ ያህላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፣ በእናንተ መስኮት አትገባም፣ ወደ ሰሜን ዞር የምትለው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፣ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ደመናውን ይዞ ከች ይላል። በዚህ ብርሃን አራቱም ግድግዳ አረንጓዴ ከሆነ በቀን መብራት ልታበሩ ነው። ክሬሙም ቢሆን ነጭ የሚበዛበት ከሆነ አመድ አመድ ይላል፣ ቢጫ ነካ ያለውን ያዢ።

ከሁለቱም ትንሽ ትንሹን ቆርቆሮ ግዢና ትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀብተሽ በደንብ ይድረቅ፣ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል በእርጥቡ እንዳትፈርጂ። ከዛ በየግድግዳው እየለጠፍሽ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ በራሳችሁ አምፖል እዪው። እኔ አንዴ ሱቅ ውስጥ ጥፍር በምታክል ናሙና ሰማያዊ መርጬ መኝታ ቤቴን አስቀባሁ፣ ወደ ነጭ ለመመለስ ሦስት እጅ ፈጀብኝ፣ የቀቢው ሂሳብ ለብቻው!

እኔ ብሆን ሦስቱን ግድግዳ ክሬም አድርጌ አንዱን ለአረንጓዴው እተወዋለሁ። ግን የቱን? የመስኮቱን ፊት ለፊት አይደለም፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመልሰው እሱ ነው። መስኮቱ ያለበትም አይሆንም፣ ብርሃኑ ዓይን ላይ እየመጣ ግድግዳው ጥቁር ይመስላል። ሶፋው ያለበት የጎኑ ይሁን። ጥቁር ቀለም ላይ አቧራ ቶሎ እንደሚታይ ግን እወቂ፣ ሰፈራችሁ አስፋልት ያልገባለት መንገድ ካለ ጨርቅ ከእጅሽ አይለይም፣ ስለዚህ የሚታጠበውን ዓይነት ግዙ።

ባልሽ አንድ ግድግዳ አነሰኝ ካለ መኝታ ቤቱን ስጪው፣ እዛ እንኳን ቢጨልምም ችግር የለውም።